ዕርዳታችን ኬላ ላይ ለምን አደረ? ለአጎራባች ክልሎች የአደጋ ሥጋት አመራር ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአጎራባች ክልሎችና በፌዴራል መንግሥት የአደጋ ሥጋት አመራርን ሥራ በየደረጃው ለምትመሩ ኃላፊዎች በሙሉ

ደሴ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም

ክቡራንና ክቡራት፤

እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የሚገኙ የቅሬ ዳኞችና የበጎ ፈቃድ ዕርዳታ አስተባባሪዎች ነን። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ፣ መሪውንም የቅሬ ዳኛ ይለዋል። በሰኔ 2017 ዓ.ም፣ የተፈጥሮ አደጋ በደረሰ ጊዜ አንዱ ክልል ለሌላው እንዴት እንደሚደርስለት፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ የተላከውን ሰውና ዕቃ ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ በጽሑፍ የሚወስን የመረዳጃ ስምምነት እንዲደረግ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ የየቅሬዎቻችንን ማኅተም አሳርፈንበት አስገብተን ነበር። ከሰባት ወር በኋላ የደረሰን መልስ አራት መስመር ነው፤ ፍሬ ነገሩም ጉዳዩ በነባሩ አሠራር ስለሚሸፈን አዲስ ስምምነት አያስፈልግም የሚል ነው። መልሱን የጻፈልንን መሥሪያ ቤት ስም አናነሣም፤ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ቢሮ ብናቀርበው ኖሮ የተለየ ነገር ይባልልን ነበር ብለንም አናምንም። ስለዚህ ደብዳቤውን ለሁላችሁም በግልጽ ጽፈነዋል፤ «ነባሩ አሠራር» የተባለው ነገር መንገድ ላይ ሲያገኙት ምን እንደሚመስልም ያየነውን እናስረዳለን።

ጉዳዩ ለእኛ እንዲህ የቀረበው በምንኖርበት ቦታ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው መንገድ ጋር የሚገናኘው ኮምቦልቻ ላይ ነው። የአገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ከሚከማችባቸው ከተሞች አንዷ ኮምቦልቻ ናት፤ ደረቅ ወደቡም አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው አሉ። ባቲን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ብዙም ሳይሄድ አፋር ክልል ይገባል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ሲገበያዩ፣ ማን ከየትኛው ክልል እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። አደጋውም ክልል ለይቶ አይመጣም። በግንቦት 1953 ዓ.ም ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለው ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ ሲያፈርስ ድንጋጤው ለአካባቢው ሁሉ ነበር፤ በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ረሀብ ከቆላም ከደጋም የተነሣው ሕዝብ የወጣው ወደዚሁ አውራ ጎዳና ነው። ቅርብ ጊዜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን አልፎ ሕንድ ሲደርስ፣ የእኛ ማመልከቻ ገና ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ አልወጣም ነበር።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ስለ ኬላው ነው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ፣ በዱለቻና በአካባቢው መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ አንዳንዱም በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ ሲመዘገብ፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቅቆ ሜዳ ላይ ወደቀ። የእኛ ቅሬዎች በሦስት ቀን ውስጥ 200 ያህል ብርድ ልብስ፣ 30 ኩንታል ዱቄት፣ ሸራና ጀሪካን ሰብስበው በአንድ ኤፍኤስአር ጫኑ። መኪናው ከኮምቦልቻ የተነሣው በእኛ በኩል ማኅተም ያረፈበት የመሸኛ ደብዳቤ ይዞ ነው። አንድ ኬላ ላይ ሲደርስ ግን፣ ተቀባዩ ክልል ዕርዳታውን የጠየቀበት ደብዳቤ የት አለ ተባለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልነበረም፤ መጠየቅ የነበረባቸው ሰዎች ራሳቸው ከተፈናቃዩ ጋር ድንኳን ውስጥ ነበሩና። መኪናው ሁለት ሌሊት እዚያው አደረ። ለቆመበት ሁለት ቀን የከፈልነው ኪራይ ለብርድ ልብስ ከተዋጣው ገንዘብ ላይ ወጣ። ኬላ ጠባቂዎቹን አንወቅስም፤ አብረን ቡና ጠጥተናል፤ በእጃቸው የነበረው መመሪያ ስለ ኮንትሮባንድ እንጂ ስለ ርዕደ መሬት አንድ ቃል አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን መኪናውን ያሳለፈው ከመካከላችን አንዱ የሚያውቀው ሰው የደወለው ስልክ ነው። ያ ሰው የዚያን ዕለት ስልኩን ባያነሣ ኖሮ ዱቄቱ ወዴት ይሄድ እንደነበር እስካሁን አናውቅም።

ሁለተኛው ስለ ባለሙያዎች ነው። በዚያው ጉዞ ሦስት ነርሶችና አንዲት አዋላጅ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው አብረውን ሄደው ነበር። በደረሱበት ጊዜያዊ መጠለያ፣ የሙያ ፈቃዳችሁ የተሰጠው በሌላ ክልል ነው ተብለው ቁስል ከማጠብ እንኳ ተከለከሉ፤ ሳምንቱን ዱቄት ሲሰፍሩ ከረሙ። ዱቄት መስፈርም ሥራ ነው፤ ለዚያ ግን አዋላጅ አያስፈልግም ነበር።

ሦስተኛው ስለ ማሽን ነው፤ ይህን ዘርዘር አድርገን መናገር እንፈልጋለን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡትን ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ መጥቶ እነርሱንም ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሰው በእጁ፣ በዶማና በአካፋ አፈር ሲገፋ የሚያሳየውን ምስል እኛ ደሴዎች በተለየ ዓይን ነው ያየነው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር የምንኖር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሌሊት የዝናቡን ድምፅ እያዳመጥን ግድግዳችንን የምንነካካ ሰዎች ነንና። ጎፋ ላይ ለወገኑ የሮጠ ሰው አላነሰም። ከየትኛውም ክልል ይሁን፣ ቁልቁለቱን እያየ «ገና አልረጋም፣ ከሥሩ ውጡ» የሚል መሬት ዐዋቂ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሕዝቡ ጋር እንዲገኝ ምን ዓይነት ሥርዓት ያስፈልግ ነበር? ይህን ጥያቄ ከዚያ ክረምት ጀምሮ እናነሣለን፤ የመለሰልን የለም።

በእኛው አካባቢ የደረሰውን ደግሞ እንጨምር። ባለፈው ክረምት ከክልሉ ወሰን ብዙ በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ ናዳ መንገድ ዘጋ፤ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተይዞ ገደል ለገደል ሲሻገር አይተናል። በቅርብ የሚገኘው ሎደር ከወሰኑ ማዶ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነበር። ኦፕሬተሩ ልሂድ አለ። አለቃው ግን ነዳጁን ማን ይሞላል፣ የኦፕሬተሩን ውሎ አበል ማን ይከፍላል፣ ማሽኑ ቢገለበጥ ማን ይጠየቃል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በፊርማው የተረከበው የመንግሥት ንብረት ነው። በወዲያም በወዲህም ክልል፣ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው በሦስት ቀን ውስጥ አልተገኘም። መንገዱን በአራተኛው ቀን የከፈቱት ገበሬዎች ናቸው፣ በዶማ። ሎደሩ ከካምፑ አልወጣም።

አራተኛው በእኛ ላይ እጅግ የከበደው ነው። ለዚያው ለርዕደ መሬቱ ዕርዳታ የሄደ አንድ ወጣት፣ ዕቃ ሲያወርድ ከመኪናው ጫፍ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። የላከው ወገን የወደቀው እኛ ክልል አይደለም አለ፤ የተቀበለው ወገን የጠራነው እኛ አይደለንም አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ልጁ ቅጥር ሠራተኛ ስላልሆነ የጉዳት ካሣ አይመለከተውም አለ። ሦስቱም በየራሳቸው መመሪያ ትክክል ሳይሆኑ አልቀሩም። እናቱ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስትመላለስ ሰነበተች። በመጨረሻ ለአጥንቱ ብረት የተገባለት በቅሬ ገንዘብ ነው። የቅሬ መዋጮ የሚሰበሰበው ለቀብር ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ከዚያ ሣጥን ስናወጣ የመጀመሪያችን ነበር፤ ከአባላት መካከል ያጉረመረመም አልጠፋም። ልጁ ዛሬ በክራንች ይሄዳል። በሚቀጥለው አደጋ ጊዜ «ማን ይሄዳል?» ብለን ስንጠይቅ ስንት ሰው እጁን እንደሚያወጣ እናንተው ገምቱ።

የተፈናቃይ ምዝገባውንም እናንሣ። ከርዕደ መሬቱ ሸሽተው ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት የተጠጉ አንድ ቤተሰብ፣ እዚህ ሲጠይቁ ስማችሁ ያለው በመጣችሁበት ክልል ነው ተባሉ፤ እዚያ ሲያስጠይቁ ደግሞ በቦታው ስላልተገኛችሁ ከመዝገብ ወጥታችኋል ተባሉ። ያስተናገዳቸው ዘመድ አምስት ልጆች ያሉት የቀን ሠራተኛ ነው።

የመጨረሻው ስለ ወሬው፣ ማለትም ስለ ማስጠንቀቂያው ነው። በ2013 ዓ.ም መኸር ሊሰበሰብ ሲል የበረሃ አንበጣ መንጋ ከቆላው ተነሥቶ የቃሉንና የባቲን ወረዳዎች ሲያለብስ፣ ገበሬው የነበረው መሣሪያ ጅራፍ፣ ጣሳና ጩኸት ነበር። መንጋው ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የነገሩን ከቆላ ለገበያ የወጡ አርብቶ አደሮች እንጂ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ እርሱም በእኛ መንደር የደረሰው ማሽላው ከተበላ በኋላ ነው። የሚያስገርመው፣ ስለ አንበጣ ከሆነ አገሮች ቀድመውናል፦ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በአገሮች መካከል በተፈረመ ስምምነት ተቋቁሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ አባል የሆኑበትን ዓይነት ስምምነት ሁለት ጎረቤት ክልሎች ለመፈራረም ምን ያግዳቸዋል?

ክቡራንና ክቡራት፤ ሕግ የለም አላልንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከልን፣ ሲደርስም ለተጎጂው ዕርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግን ኃላፊነት ለመንግሥት ሰጥቶታል። አንቀጽ 93 የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲያጋጥም ክልሎች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲደነግጉ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። የፌዴራል መንግሥትና የክልሎችን የርስ በርስ ግንኙነት ሥርዓት የሚወስን አዋጅ ቁጥር 1231/2013ም ወጥቷል። እንግዲህ ክልሉ አደጋ ደርሶብኛል ብሎ ማወጅ ይችላል፤ ጎረቤቱም ልርዳ ማለት ይችላል። ያጣነው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው፤ ጥያቄው በማን ፊርማ ወጥቶ በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ፣ መኪናው በየትኛው ወረቀት እንደሚያልፍ፣ ሒሳቡ መቼ እንደሚወራረድ።

ይህ በሌላ ፌዴሬሽን ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ካወደመ በኋላ የደቡብ ግዛቶች ገዥዎች የመረዳጃ ስምምነት አዘጋጁ፤ በ1996 የአገሪቱ ምክር ቤት አጸደቀው፤ ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶች ገብተውበታል። ዝርዝሩን ስናነብ የገረመን ቀላልነቱ ነው። አደጋ የደረሰበት ግዛት ገዥ አደጋውን ያውጃል፤ የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ ወጪውን የሚመልሰው ጠያቂው ነው፤ ሰጪው ከፈለገ ሊተውለት ይችላል። የነርሱ ወይም የመሐንዲሱ የሙያ ፈቃድ በሄደበት ግዛት ይጸናል። ለዕርዳታ ሄዶ የተጎዳ ሠራተኛ ካሣውን የሚያገኘው ከላከው ግዛት ነው፣ በገዛ ግዛቱ ውስጥ እንደተጎዳ ተቆጥሮ። ሰጪውም ለራሱ ሕዝብ የሚያስፈልገውን እስኪያጣ ድረስ እንዲሰጥ አይገደድም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪናና ሪታ የተባሉት አውሎ ነፋሶች ሉዊዚያናንና ጎረቤቶቿን ሲመቱ በዚህ ስምምነት ከ60,000 በላይ ሰው ከሌሎች ግዛቶች ተንቀሳቅሷል። የካትሪና ዕርዳታ ስንት እንከን እንደነበረበት ዓለም ያየው ነው፤ ገነት አላገኘንም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርናቸው የነርሶቹ፣ የሎደሩና የልጁ እግር ጉዳይ እያንዳንዱ እዚያ ወረቀት ላይ አንቀጽ አለው።

እውነቱን ለመናገር አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ የቅሬ ደንብ ማንበብ ይበቃል። በእኛ ደንብ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ሣህኑን ማን እንደሚያወጣ፣ የቀረ ሰው ስንት እንደሚቀጣ ሰው ሳይሞት ተጽፎ ተቀምጧል። አባል ሌላ ሠፈር ቢሞት የዚያ ሠፈር ቅሬ አስከሬኑን አንሥቶ እስከ ወሰኑ ያደርሳል፣ የእኛው ቅሬ ተረክቦ ይቀጥላል፤ የወጣው ወጪ በወሩ መጨረሻ በሁለቱ ዳኞች ፊት ይተሳሰባል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ ደንብ ነው የሚቀበረው። ሐዘን ቤት ቆሞ «ድንኳኑን ማን ይክፈል?» ብሎ የሚከራከር ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ?

ማመልከቻችንን ስናስገባ በቃል ሁለት ነገር ተብለን ነበር። አንደኛው፣ ክልሎች ወንድማማች ስለሆኑ በመካከላቸው ውል አያስፈልግም የሚል ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ወንድማማችነቱን አንጠራጠርም፣ የምንጠራጠረው የሹመኛውን ዕድሜ ነው። ዛሬ ስልክ የሚያነሣልን ሰው ነገ ወደ ሌላ ቢሮ ይዛወራል። ሁለተኛው፣ ጊዜው የጸጥታ ችግር ያለበት ስለሆነ ይቆይ የሚል ነው። ችግሩን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ በጦርነት የተፈናቀለ ወገናችንን ተቀብለን ያደርን ሰዎች ነን፤ የሰው ሠራሹን አደጋ ጉዳይ ለሌላ ደብዳቤ እናቆየዋለን። ነገር ግን መሬቱ ሰላም እስኪሰፍን አይጠብቅም፤ ወታደርና ኬላ በበዛበት ጊዜ ደግሞ ዕርዳታ የጫነ መኪና በእጁ የሚይዘው የታወቀ ወረቀት ከመቼውም በላይ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የአማራ፣ የአፋር፣ የኦሮሚያና የትግራይ ክልሎች፣ ሌሎችም ፈቃደኛ የሆኑ፣ በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ የመረዳጃ ስምምነት ረቂቅ ከመጪው ክረምት በፊት አዘጋጅተው ለሕዝብ ውይይት እንዲያቀርቡ፤ ለአራቱም አንድ ላይ መፈረም ከከበደ በሁለት ክልሎች እንዲጀመር።

በስምምነቱ ውስጥ፣ ጥያቄ ተቀብሎ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ክፍል በየክልሉ እንዲሰየም፣ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ተጽፎ፤ ሹሙ ቢቀየርም ስልኩ እንዳይቀየር። የአደጋ ቀጣና የወረዳ አመራር ራሱ መጠየቅ በማይችልበት ጊዜ በእርሱ ፋንታ ማን እንደሚጠይቅም ይወሰን።

በሁሉም ኬላዎች የሚታወቅ አንድ ወጥ የዕርዳታ ማለፊያ ወረቀት ይዘጋጅ፤ ፍተሻ አይቅር፣ ግን በሰዓት ይገደብ።

የጤና ባለሙያዎች፣ የመሐንዲሶችና የማሽን ኦፕሬተሮች የሙያ ፈቃድ አደጋው በታወጀበት ጊዜና ቦታ በአባል ክልሎች ሁሉ ይጽና። የመሬት መንሸራተትን የሚያውቁ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ጨምሮ፣ ለጥሪ ዝግጁ ሆነው አስቀድመው ይመዝገቡ።

ለዕርዳታ ሄዶ የሚጎዳ ሰው፣ ቅጥርም ይሁን በጎ ፈቃደኛ፣ ሕክምናውንና ካሣውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍ። ከሁሉም በፊት ይህ ይቅደምልን። በክራንች ለሚሄደው ልጅም ከዚህ በፊት ላስገባነው የሕክምና ወጪ ጥያቄ መልስ ይሰጠን።

የተፈናቃይ መዝገብ ሰውየውን ተከትሎ ከክልል ክልል እንዲተላለፍ ይደረግ።

ኮምቦልቻ ካላት የመጋዘን፣ የመንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ አመቺነት አንጻር የስምምነቱ የዕቃ ማዕከል ሆና እንድታገለግል ይጠና፤ በየዓመቱም ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ የጋራ ልምምድ ይደረግ። ለልምምዱ የሚሆን ድንኳንና የሰው ኃይል ቅሬዎቻችን ያለ ክፍያ ያቀርባሉ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ዓ.ም ድረስ እንጠብቃለን። ባለሙያ ልካችሁ መነጋገር ብትፈልጉ፣ ሰነዶቻችንን፣ የኬላውን የሁለት ሌሊት የኪራይ ደረሰኝና የሕክምናውን ወጪ ማስረጃ ጨምሮ፣ ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የቅሬ ዳኞችና የበጎ ፈቃድ ዕርዳታ አስተባባሪዎች ስም
የጋራ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለአባል ቅሬዎች በሙሉ